ለቅሶዬን ወፍጮ ቤት ሰማሁት

ከአብዮት ጥበቃ እጅ እንዴት እንዳመለጥሁ የሚጠይቀኝ ሰው በአጥር እንድዘልለት፣ ቢያንስ አንድ ጥይት በጆሮዬ ሥር እንዲያልፍልኝ ይፈልጋል። አዲስ አበባ ውስጥ፣ ወፍጮ ቤት፣ ጆንያ ስሸከም ነበር ስለው ቅር ይለዋል። እኔ ምን ላድርገው? የሆነው ይኸው ነው። በየጓዳውና በየጣሪያው ሥር የተደበቁት ጓደኞቼ አንድ በአንድ ሲለቀሙ፣ እኔ በሩ ተከፍቶ በሚውል ቤት፣ መንገደኛ ሁሉ በሚያየኝ ቦታ ቆሜ እውል ነበር። የሚያየኝ እንጂ የሚያስተውለኝ ሰው አልነበረም።

የቄስ ልጅ ነኝ። ያደግሁት ከመካነ ሰላም ወጣ ብላ ባለች አንዲት ደብር ሥር ነው። አባቴ በዚያች ደብር ቀዳሽ ነበሩ። እኔም በልጅነቴ ድቁና ተቀብዬ ነበር፤ በኋላ አስኳላ ገባሁ፣ ከዚያም ዩኒቨርሲቲ ደረስሁ። ትልቁ ረኃብ ወሎን ሲመታ ለእረፍት አገሬ ስለነበርሁ የሆነውን በዓይኔ አየሁ። ከዓባይ ቆላ የወጣ ሰው ገበያው ዳር እንደተቀመጠ ይቀር ነበር። ሬሳው ሲበዛባቸው ሌሎቹ ካህናት ፍትሐቱን፣ ለሟች ነፍስ የሚደረሰውን ጸሎት፣ ማሳጠር ጀመሩ። አባቴ ግን ለማንም መንገደኛ ቢሆን ከመጀመሪያ እስከ መጨረሻ ሳያደርሱ አፈር አያስመልሱም። "አገሩን አጣ፣ እህሉን አጣ፤ ጸሎቱን ደግሞ እኛ እንቀማው?" ይሉ ነበር። ካህናቱ በጣም ይሰለቿቸው ነበር።

እኔ ባየሁት ነገር ተቃጥዬ ወደ ከተማ ተመለስሁ። ንጉሡ ወረዱ፣ ወታደሮቹ ወጡ፤ እኛ ተማሪዎቹም ጥቂት ቆይተን በወታደሮቹ ላይ ወረቀት መበተን ጀመርን። በዚህ ምክንያት ተፈላጊ ሆንሁ።

ተፈላጊ ሰው በትልቅ ከተማ የሚያዘው ዱካው ሲገኝ ነው ይላሉ። ውሸት ነው። የሚያዘው ሲናፍቅ ነው። አንዱ ጓደኛዬ ስንት ቤት ሲቀያይር ከርሞ የተያዘው እናቱ ደጅ፣ በፋሲካ ቀን ነው። ሌላው የተያዘው ሁልጊዜ ከሚቀመጥባት ሻይ ቤት፣ ከዚያችው ጥግ ወንበር ላይ ነው። አሳዳጆቻችን ጅሎች አልነበሩም፤ ሰው የሚሄድበትን ባያውቁ የሚመለስበትን ያውቁ ነበር። እኔን ያተረፈኝ ብልሃት እንዳይመስላችሁ። የምናፍቀው ሁሉ ከደሴ ወዲያ፣ ከአቀስታ ብርድ ማዶ ነበርና በከተማው ውስጥ የምመለስበት ደጅ አልነበረኝም።

ያስጠጋኝ ልጅ በተያዘ ማግስት፣ መርካቶ ውስጥ ባዶ ሆዴን ስዞር ከአንድ ወፍጮ ቤት በር ላይ የአገሬን አነጋገር ሰማሁ። ጺማቸውም ኮፍያቸውም ዱቄት የሆነ ሽማግሌ አንዲትን ሴት "አብሽሪ፣ አሁን ይደርስሻል" ይሏታል። አብሽር ማለት አይዞህ ማለት ነው፤ እኛ ዘንድ ክርስቲያኑም ሙስሊሙም ይለዋል። ያቺ አንዲት ቃል ሆዴን አባባችው። ጠጋ ብዬ እንደ አገሬ ወግ "አሰላሙ አለይኩም" አልኋቸው። ሰላምታዬን መለሱና አዩኝ፤ አንገቴ ላይ ያለውን ማተብም አዩት።

"ከየት ነህ?"

"ከቦረና፣ ከመካነ ሰላም ማዶ።"

"እኔ የወረኢሉ ነኝ። ጆንያ ታነሳለህ?"

"አነሳለሁ።"

"በል አንሳ። ማተብህን ግን ወደ ሸሚዝህ ውስጥ አግባው፤ የሚሽከረከረው የሞተሩ ቺንጋ እንዳይይዝብህ።"

ቅጥሬ ይኸው ነው። ሰዉ ሁሉ ሐጂ ይላቸዋል፤ መካን ግን አይተዋት አያውቁም። "ዱቄቱ ሲያነጣኝ አይተው ነው ሐጂ ያሉኝ" እያሉ ይስቁ ነበር። ስሜን ጠይቀውኝ አያውቁም። አንድ ቀን እኔ ራሴ ልነግራቸው ስጀምር እጃቸውን አንሥተው ከለከሉኝ። "እዚህ ቤት የሚጠየቀው እህሉ ነው፤ ጤፍ ነው ወይስ ስንዴ? ዝም ባለ አፍ ዝንብ አይገባበትም" አሉኝ። ከዚያ ወዲህ ስለ ራሴ ተንፍሼ አላውቅም።

ዱቄት ጥሩ ልብስ ነው። መነጽሬን አስቀድሜ ጥዬው ነበር፤ አፍንጫዬ ላይ የቀረውን የመነጽር ምልክት ዱቄቱ ደፈነው። ጸጉሬም ቅንድቤም በአንድ ቀን ሸበተ። የተማሪ የነበረው እጄ በጆንያ ተላጠ፣ ቆሰለ፣ ቆይቶም ደነደነ። ከሁሉ የከበደኝ አለማንበብ ነበር። ዓይን የለመደውን አይተውም፤ ግድግዳ ላይ የተለጠፈውን መፈክር፣ በርበሬ የተጠቀለለበትን ጋዜጣ ሳይቀር ያነባል። ፊደል ያልቆጠረ ሰው ወረቀትን እንደ ጨርቅ ነው የሚያየው። ዓይኔን ያን ለማስተማር ጆንያ ከመሸከም የበለጠ ደከምሁ።

አብዮት ጥበቃዎቹ የመጡት በአንድ ቅዳሜ ገበያው ሞቅ ባለበት ሰዓት ነው። ከበሩ ውጭ በቆመች መኪና ውስጥ ፊቱን በጨርቅ የሸፈነ ሰው ተቀምጧል ብለው ሴቶቹ ሲንሾካሾኩ ሰማሁ፤ ጠቋሚ ይሉታል። ከእኛው መካከል ተይዞ፣ ተገርፎ፣ ጓደኞቹን እንዲለይ የሚያዞሩት ሰው ነው። ጣቱን ወደ አንተ ካነሣ አለቀልህ። ማን እንደነበር እስከ ዛሬ አላወቅሁም፤ ያለ መነጽር ከበሩ ወዲያ ያለው ሁሉ ለእኔ ጉም ነበር። እሱ ግን እኔን ያይ ነበር። ጠመንጃ የያዘው ልጅ፣ በዕድሜ ከእኔ የሚያንስ ልጅ፣ ገብቶ እጄን ገለበጠና መዳፌን አየው።

"ከየት ነው የመጣኸው?"

"ከወሎ፣ ጌታዬ።"

"ረኃቡ ነው ያመጣህ?"

"አዎ፣ ጌታዬ።"

ወደ ጓደኛው ዞሮ "ተወው፣ ወሎዬ ነው" አለው። በቃ፣ ይኸው ነው። ወሎዬ ማለት በዚያን ጊዜ በከተማው አፍ የተራበ፣ የተሰደደ፣ ምንም የማያውቅ ማለት ነበር። ቃሉ ሲነገር እንደ ጥፊ ተሰማኝ፤ ያዳነኝም እሱ ነው። እኔ ያን ረኃብ አልተራብሁትም፤ አባቴ ቤት ገብስ ጠፍቶ አያውቅም። በወረቀታችን ላይ ለረኃብተኛው ጠበቃ ሆነን የከረምን ሰዎች ነበርን፤ ያን ቀን ግን ረኃብተኛው ቆሞ ለእኔ ጠበቃ ሆነኝ። ይህን ባስታወስሁ ቁጥር አንገቴን እደፋለሁ።

አንዲት የቅቤ ነጋዴ የመጣችው ከዚያ በኋላ ነው። የመካነ ሰላም ገበያ ሰው ናት፤ የምትስመውም የአባቴን ደብር ነው። አዲስ አበባ ያለች ልጇ ወልዳ አራስ ልትጠብቅ መጥታ ኖሯል፤ ለገንፎ የሚሆን ገብስ ልታስፈጭ ወረፋ ይዛለች። እኔ ስልቻዋን ልቀበላት አጠገቧ እስክደርስ ድረስ አላወቅኋትም። እሷ ግን አወቀችኝ። ስልቻው ከእጇ ወደቀ።

"በስመ አብ!" ብላ አማተበችና ወደ ኋላ አፈገፈገች። "አንተ፣ የቄሱ ልጅ አይደለህም እንዴ? ሞተሃል እኮ! አልቅሰንልህ የለም እንዴ!"

ወረፋው ሁሉ ዞሮ አየኝ። ከሴቶቹ መካከል የቀበሌው ሊቀ መንበር ሚስት ነበረች።

"ወላሂ ተሳስተሻል፣ እትዬ" አልኋት። አስቤው አይደለም፤ አፌ ነው የቀደመኝ። ለከተማው ሰው ወላሂ ያለ ሁሉ ሙስሊም ነው፤ የቄስ ልጅ ወላሂ ይላል ብሎ የሚጠረጥር የለም። የሊቀ መንበሩ ሚስት ፊቷን መለሰች። የመካነ ሰላሟን ሴት ግን በዚህ ማን ያታልላታል? አባቴ ራሳቸው ገበያ ወጥተው በበሬ ዋጋ ሲከራከሩ "ወላሂ ከዚህ አልጨምርም" ሲሉ ስንት ጊዜ ሰምታቸዋለች። እንዲያውም ወላሂ ማለቴን ስትሰማ ጭራሽ እርግጠኛ የሆነች ይመስለኛል። ትክ ብላ አየችኝ። ከዚያ ጎንበስ ብላ ስልቻዋን አነሣች።

"አፉ በለኝ ልጄ፣ ይቅር በለኝ። ዓይኔ ደክሟል" አለች። ቀጥላም ድምፅዋን ከሞተሩ በላይ ከፍ አድርጋ ለወረፋው ሰው ማውራት ጀመረች።

"እኛ አገር አንድ የቄስ ልጅ ነበር፤ ይህን ልጅ ቁርጥ። ተማሪ ነበር፤ እዚሁ ከተማችሁ ገደሉት አሉ። መርዶው የደረሰው ለአባቱ ነው፤ ማን እንዳመጣው እንጃ። በማለዳ ሽማግሌ ሰብስበው እናቱን አረዷት። ጋቢውንና የድቁና ቀሚሱን ሜዳ አውጥተን አለቀስንበት። የእናቱ ለቅሶ! እንዲያ ያለ ለቅሶ ሰምቼ አላውቅ፤ ከዋይታዋ የተነሣ ወንዶቹ ሁሉ መቆም አቃታቸው። አባቱን 'ልጅህን አምጣ' እያሉ ሁለቴ አስረዋቸው ነበር። እነዚያው ጠመንጃ ያዦች ለቅሶው ላይ ቆመው አዩ፤ አንዱማ እንባውን ሲጠርግ አይቼዋለሁ። ከዚያ ወዲህ ደጃቸውን የረገጠ የለም። ፍትሐቱንም አባቱ ራሳቸው ናቸው ያደረሱለት። እንግዲህ ምን ይደረጋል፣ ነፍሱን ይማር።"

"ይማር" አሉ ሴቶቹ።

"ይማር" አልሁ እኔም።

ገብሷን ወፍጮው ውስጥ ሳፈስ እፍኝ እፍኙ መሬት ይወርድ ነበር። ዱቄቷን ይዛ ስትወጣ "ዕድሜ ይስጥህ" ብላ መረቀችኝ። አገሯ ተመልሳ ስለ እኔ አንዲት ቃል እንዳልተነፈሰች ያወቅሁት ከዓመታት በኋላ ነው።

ወረፋው ሲያልቅ ሐጂ ሞተሩን አጥፍተው ጆንያ ላይ ተቀመጡ።

"ለአባትህ ቃል የላክሁት እኔ ነኝ" አሉኝ። "በወረኢሉ ገበያ በኩል፣ በአፍ ብቻ።"

"አባቴ ማን እንደሆኑ በምን አወቁ?"

"የመጣህ ቀን እጅህ የተማሪ ነበር፤ የቄሱንም መታሰር ከአገር የመጣ ነጋዴ ሁሉ ያወራው ነበር። ተማሪ ልጁ የጠፋበት የመካነ ሰላም ማዶ ቄስ ስንት አለ?"

"ምን ብለው ላኩ?"

"ልጅህ አለ፣ ግን ይፈለጋል።"

"እሳቸውም ገደሉኝ!"

"እኔ አለ ነው ያልሁት፤ ግደለው አላልሁም።"

ለሽማግሌ የማይነገር ነገር ተናገርኋቸው። ቁጣዬ ግን በእሳቸው ላይ አልነበረም። አባቴ መኖሬን እያወቁ እናቴን አረዷት። ደረቷን ስትደቃ ቆመው አዩ። ለማንም መንገደኛ ሬሳ አንዲት ቃል የማያስቀሩ ቄስ፣ በሕያው ልጃቸው ላይ ፍትሐት አድርሰው በታቦቱ ፊት ሐሰት ተናገሩ። ለእኔ ሕይወት ብለው መሆኑ ጠፍቶኝ አይደለም። እንዲህ ባለ ዋጋ እንዲገዙልኝ ግን አለመንኋቸውም። ሐጂ እስክጨርስ ጠበቁኝ።

"እናትህ ባታውቅ ነው ለቅሶው ለቅሶ የሆነው" አሉ። "ወሎ ላይ የውሸት ለቅሶ ማን ያምንሃል? አሁንስ ደኅና ነኝ ብለህ ብትልክባት ደስታዋን የት ትደብቀዋለች? ከፊቷ ላይ ያነቡታል። ያን ጊዜ አባትህንም እሷንም አንተንም ነው የሚጨርሷችሁ።"

ልክ ነበሩ፤ ልክ መሆናቸው ደግሞ ይበልጥ አናደደኝ። ስለዚህ ሞቼ ተቀመጥሁ። የመሞቴ ወሬ ከመካነ ሰላም ተነሥቶ አዲስ አበባም ደርሶ ኖሯል፤ ሌሎቹን ሲፈልጉ የእኔን ነገር የሚያነሣ ጠፋ። የሞተን ሰው ማን ይፈልጋል? እህል ማፍሰስ፣ ዱቄት ማራገፍ፣ ጆንያ መሸከም ሆነ ኑሮዬ። በየበዓሉ እናቴ ጋቢዬን ታቅፋ ስታነባ ይታየኝ ነበር። እንዳለሁ ማወቅ ሲገባት አለማወቋ፣ የማሳወቅ መንገድ እያለኝ ዝም ማለቴ፣ ይህ ነበር የእኔ እስር ቤት። አባቴን በልቤ ተቀየምኋቸው፤ ቂሜንም በደንብ አድርጌ ያዝሁት።

በኋላ ፈላጊዎቻችን እርስ በርሳቸው ተፈላላጊ ሆኑ። እጄን የገለበጠው ልጅ እንኳ የት እንደደረሰ ሳይታወቅ ጠፋ። ቀኑ ረገብ ሲል ወደ አገሬ ተነሣሁ። ሐጂ እስከ መኪናው ድረስ ሸኙኝ። "ቀስ ብለህ ግባ፤ ሙት ሲመጣ ሰው ይደነግጣል" አሉኝ። ሁለታችንም ሳቅን፤ ከዚያ ተቃቅፈን አለቀስን።

ከደሴ በጭነት መኪና፣ በጆንያ ላይ ተቀምጬ ነው የመጣሁ። መንገዱን ሁሉ ለአባቴ የምለውን ሳዘጋጅ ነበር። የአቀስታ ብርድ ጥርሴን ሲያንቀጫቅጨው እንኳ ንግግሬን አላቋረጥሁም። ከመካነ ሰላም መለስ ብዬ ወረድሁና ከተማውን በአቋራጭ ዞሬ ደጃችን ደረስሁ። እናቴ ደጅ ላይ ገብስ ታሰጣለች። ትጮሃለች፣ ትወድቃለች፣ ታማትባለች ብዬ ነበር የፈራሁት። ቀና ብላ አየችኝና እጇን ከገብሱ አነሣች።

"መጣህ? ቆየህ እኮ፣ ልጄ" አለችኝ።

አንገቷ ሥር ገብቼ ስቅስቅ ብዬ ሳለቅስ ጀርባዬን መታ መታ ታደርገኝ ነበር። እንደ ሙት አላየችኝም፤ ከሩቅ ገበያ እንደገባ ሰው ነው የተቀበለችኝ። ነገሩ ገርሞኝ ቀና አልሁ።

"አባባስ?"

"አርፈዋል። ከለቅሶህ በኋላ ዓመት አልቆዩም።"

ያን ሁሉ መንገድ የተሸከምሁት ንግግር ባለቤት አጣ። መሬት ላይ ተቀመጥሁ። ማዘን ሲገባኝ መጀመሪያ የመጣብኝ ቁጣው ነው።

"በታቦት ፊት ገድለውኝ ሄዱ" አልኋት። "አንቺንም እንዲያ አቃጥለው። መኖሬን ያውቁ ነበር፣ እማዬ።"

"ዝም በል። አንተን የገደለህ የለም" አለች።

ከዚያ ነገረችኝ። በፍትሐት ጊዜ የሚጠራው፣ ሰው ሁሉ የሚያውቀው የዓለም ስም አይደለም፤ ሲጠመቅ የተሰጠው የክርስትና ስም ነው። ያን ስም ደግሞ ወላጅ፣ የትዳር ጓደኛና የንስሐ አባት ካልሆነ ማን ያውቀዋል?

"መርዶውን አምኜው ነበር" አለች። "ፊቴን ነጭቼ፣ ከሴቶቹ ጋር ቤተ ክርስቲያኑ ደጅ ቆሜያለሁ። ስም ከሚጠራበት ቦታ ሲደርሱ አባትህ ድምፃቸውን ከፍ አደረጉ። እኔ እንድሰማ መሆኑ ነው። የጠሩት ያንተን ስም አይደለም። የራሳቸውን ነው።"

"ካህናቱስ?"

"የንስሐ አባታቸው ደንገጥ ብለው ቀና አሉ። ከዚያ ዓይናቸውን ወደ መጽሐፉ መለሱ። ሌላው ምን ያውቃል፣ ያንተ ስም ነው የመሰለው።"

እኛ አገር የቁም ተዝካር አለ። ከሞትሁ በኋላ የሚያስታውሰኝ አላገኝም ያለ ሰው፣ በሕይወቱ ሳለ ተዝካሩን ይደግሳል፣ ጸሎቱንም ለራሱ ያስደርሳል። ነውርም ሐሰትም የለበትም። አባቴ በእኔ ለቅሶ መካከል የራሳቸውን ፍትሐት በቁማቸው አድርሰው ኖሯል። ጠመንጃ ያዦቹን አታለሉ፣ አገሩን አታለሉ፤ በታቦቱ ፊት ግን አንዲት ሐሰት አልተናገሩም። ስንት ዓመት የያዝሁት ቂም እዚያው ገብሱ መካከል ፈሰሰ፤ ይቅርታ የምለውም ሰው አልነበረም።

"ያን ጊዜ መኖሬን ካወቅሽ" አልኋት፣ "አዲስ አበባ ያገኘኋት የቅቤ ነጋዴ እንዲያ ያለ ለቅሶ ሰምቼ አላውቅም ያለችው እንዴት ነው? ለማስመሰል ነው?"

እናቴ ገብሱን በመዳፏ ገለበጠችው።

"ምን ማስመሰል አለው? የልጄን ነፍስ ተውና የእኔን ውሰድ ማለታቸው እንደሆነ አይገባኝም? ዕድሜ ልኬን አብሬያቸው ኖሬ! ያን ቀን ያለቀስሁት ለሳቸው ነው። ጥናቸውን ይዘው ከፊቴ ቆመው እያዩኝ አለቀስሁላቸው። ቤት ገብተን ግን ተነጋግረንበት አናውቅም፤ ውሃ አሙቄ እግራቸውን አጠብሁ፣ እሱ ነው። በኋላ ያረፉ ጊዜ አገሩ ሁሉ መጣ፤ እኔ እንባ አልወጣኝም። 'ለልጇ እንዲያ ሆና ለባሏ ዓይኗ ደረቀ' ብለው አሙኝ፣ ዘመድ ሳይቀር። ተውኋቸው። አልቅሼላቸው ጨርሻለሁ፤ እሳቸውም ሰምተውኛል።"